የማማ ጥርስ፣ የአንቺም ጥርስ

ሳዑዲ ውስጥ እናትን ወይም አባትን መጦሪያ ቤት ማስገባት እንደ ነውር ይታያል። መጦሪያ ቤት የለም ማለት አይደለም፤ ጥቂት ነው፣ በአብዛኛው የሚገባበትም የሚጦረው ዘመድ ያጣ ሰው ነው። ሌላው ሁሉ እቤቱ ይጦራል። የሚጦረው እጅ የማን እንደሆነ ደግሞ እኔም አንቺም እናውቃለን። ደርብ ላይ፣ በይሽ ላይ፣ ሰብያ ላይ፣ ታች ሳምጣ ድረስ፣ ማማን ቁርስ የምታበላው፣ የምታጥበው፣ ሌሊት ስትጣራ ዘላ የምትነሳው ሐበሻዋ ናት። እኛ አገር መቄዶንያ ሲባል ግቢው፣ የአልጋው ብዛት፣ በጎ ፈቃደኛው ትዝ ይለናል። እዚህ ግን መጦሪያ ቤቱ ከሳሎን ጀርባ ያለችው ክፍል ናት፤ ሠራተኛዋም አንዲት ሴት ብቻ፣ እሷም ምግብ ሠርታ፣ ልብስ ተኩሳ፣ ልጆች አስተኝታ የምትመጣ።

እዚያች ክፍል ውስጥ ሁለት አፍ አለ። አንዱ የማማ ነው፣ አንዱ ያንቺ። ሁለቱንም ማንም አያያቸውም። የማማ ስኳር ይለካል፣ ደም ግፊቷ ይለካል፣ አፏን የሚከፍት የለም። ያንቺማ ጭራሽ! «ጥርስ ነው እኮ፣ ይተውሻል» ይባላል። እኔ አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፣ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን አሮጊት ስጦር ነው ያሳለፍኩት። አሁን በበጎ ፈቃድ የእህቶችን ጥያቄ ስቀበል የጥርስ ጥያቄ በጣም ብዙ ነው፣ የሚመጣውም ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ፊት ካበጠ በኋላ፣ እንቅልፍ ካጡ በኋላ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሁለቱም አፍ እንነጋገር።

ከማማ አፍ እንጀምር

«ጥርስ የላትም፣ ምን ይቦረሻል?» የምትል እህት አትጠፋም። ጥርስ ባይኖርም ድድ አለ፣ ምላስ አለ፣ ጉንጭ ውስጥ የቀረ ሩዝ አለ። አረጋዊ ሰው ሲተኛ ምራቁ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ አፉ ከቆሸሸ ከምራቁ ጋር ጀርሙም ይገባል፣ ያ ነው የሳንባ ምች የሚሆነው። ጃፓን ውስጥ በ11 መጦሪያ ቤቶች ያሉ 366 አረጋውያን ለሁለት ዓመት ታይተው ነበር። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ተንከባካቢዎቻቸው ከምግብ በኋላ አፋቸውን ካጸዱላቸው ውስጥ የሳንባ ምች የያዛቸው 11 በመቶ ናቸው፤ እንደ ወትሮው ከተተዉት ውስጥ ግን 19 በመቶ። ይህን ለውጥ ያመጣው ብሩሽ የያዘ የተንከባካቢ እጅ ነው። ያንቺ ዓይነት እጅ ማለት ነው። የጥርስ ሐኪም ደግሞ በየሳምንቱ እየመጣ ያግዛቸው ነበር፤ ያንቺ ማማ ያን አታገኝም፣ ግን ብሩሹ አንቺ ዘንድ አለ።

እንዴት ይደረጋል? በጀርባዋ ተኝታ እያለች በፍጹም አታድርጊ፤ ውሃው ወደ ሳንባ ይሄዳል። ቀና አድርገሽ አስቀምጫት፣ ትራስ ደግፊላት፣ አገጯ ትንሽ ወደ ደረቷ ዝቅ ይበል። አንቺ ከጎኗ ሁኚ። ጓንት አድርጊ። ትንሽ የልጅ ብሩሽ ከትልቁ ይሻላል፣ ለስላሳ የሆነው። የጥርስ ሳሙናው የአተር ፍሬ ታህል ይበቃል፣ አረፋው ሲበዛ ትታነቃለች። በጥርሶቿ መካከል ጣትሽን አታስገቢ፤ ሳታስበው ልትነክስሽ ትችላለች፣ በተለይ የመርሳት በሽታ ያለባት ከሆነች። እምቢ ካለች አትታገያት። ትተሽ ሄደሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሺ፣ ሻይዋን ከጠጣች በኋላ ብዙ ጊዜ እሺ ትላለች።

አንድ ጎኗ ሽባ የሆነባት ከሆነች በዚያ በኩል ያለው ጉንጭ ውስጥ ምግብ ይጠራቀማል፣ እሷም አይሰማትም። ከበላች በኋላ እዚያ ተመልከቺ። አፏ የሚደርቅባት ከሆነ፣ የደም ግፊትና የእንቅልፍ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ያደርቃል፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ስጫት፣ ከንፈሯን ቫዝሊን ቀቢ።

ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ እነሱ «ጠቅም» የሚሉት፣ ማታ ይወለቃል። ይሄን ብዙ ቤት አያውቁትም። ጃፓን ውስጥ ዕድሜያቸው ከ85 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት፣ አድርገውት የሚያድሩት ሰዎች በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቷል። አውጥተሽ በብሩሽና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠቢው፣ ለቀልቂው፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ኩባያ ውስጥ ይደር። የፈላ ውሃ ያጣምመዋል። ክሎሮክስ ውስጥ የሚዘፈዝፉ አይቻለሁ፤ ብረት ካለው ይበላዋል፣ ካልታጠበ ደግሞ አፍ ያቃጥላል። ስታጥቢው ሲንኩ ላይ ፎጣ አንጥፊ፤ ከእጅሽ አምልጦ ቢሰበር «ሰብረሻል፣ ክፈዪ» የሚል ጣጣ ይመጣል። ኩባያውም ክዳን ያለው ይሁን፣ ውሃ መስሏቸው የሚደፉት ልጆች አሉ።

አሁን ጂዛን ውስጥ ለምንኖር በተለይ የሚያስፈልገን ነገር። የእኛ የሚለበሰው ሸማ ሳይሆን እነሱ «ሸማ» የሚሉት ነገር አለ፤ ትምባሆ ተፈጭቶ ከአመድና ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ከታችኛው ከንፈር ውስጥ ወይም ከጉንጭ ሥር የሚቀመጥ። መሸጥ የተከለከለ ነው፣ ግን ሽማግሌዎቹም አሮጊቶቹም ከወጣትነታቸው ጀምሮ የለመዱት አሉ። በሳዑዲ ውስጥ የአፍ ካንሰር በብዛት የሚታይበት ክልል ጂዛን ነው፤ ሐኪሞቹም ከዚህ ከሸማ ጋር ያያይዙታል። የማማን አፍ በየቀኑ የምታዪው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ፣ ከሐኪምም ከልጆቿም በፊት የምታዪው አንቺ ነሽ። ነጭ ወይም ቀይ ሆኖ ሲፋቅ የማይለቅ ነገር፣ ሁለት ሳምንት አልፎት የማይድን ቁስል፣ እብጠት፣ ያለ ምክንያት የሚደማ ቦታ ካየሽ ለማዳም ንገሪ። «ማዳም፣ ፊ ጁርሕ ፊ ፈም ማማ፣ ኡስቡዐይን፣ ማ የጢብ» በዪያት። በማማ አፍ ውስጥ ሁለት ሳምንት የሆነው የማይድን ቁስል አለ ማለትሽ ነው። የምታወሪው ሳይሰማ እንዳይቀር በዋትስአፕም ላኪው። በነገራችን ላይ ይሄንኑ ሸማ «ጥርስሽን ያደነዝዝልሻል» ብለው ለኛም የሚሰጡ አሉ። አትቀበዪ።

እዚህ ላይ አንድ መስመር ላስምር። አፍ ማጽዳት፣ ጠቅም ማጠብ የእንክብካቤ ሥራ ነው፣ እሺ። ቁስል መጥረግ፣ መርፌ መውጋት፣ በማሽን አክታ መሳብ፣ በቱቦ ማብላት ግን የነርስ ሥራ ነው። ውልሽ ላይ የቤት ሠራተኛ የሚል ከሆነ ያልተስማማሽበትን ሥራ እንዲያሠሩሽ ደንቡ አይፈቅድም። አንድ ነገር ቢደርስባት የምትጠየቂው አንቺ ትሆኛለሽ።

ያንቺን ማን ይከፍላል?

ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ሰው አሠሪው የጤና ኢንሹራንስ፣ «ተእሚን» የሚሉትን፣ ሊገዛለት ግዴታ አለበት። በዚያ ተእሚን ውስጥ ጥርስም አለ፣ እስከ ተወሰነ የገንዘብ ጣሪያ። ያው አንድ አገር፣ ያው አንድ ከተማ፣ የሱፐርማርኬቱ ጽዳት ሠራተኛ ጥርሱን በተእሚን ያስሞላል፣ አንቺ ግን በዚያ ሕግ ውስጥ አልነበርሽም። ይሄ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላስብም። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ትንሽ ተቀይሯል፤ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ያለው አሠሪ ተእሚን እንዲገዛ ግዴታ ሆኗል። ሹፌሩም አትክልተኛውም ይቆጠራሉ። እናንተ ቤት አምስት ከሆናችሁ ጠይቂ፤ ጥርስ ይገባ እንደሆነና እስከ ስንት እንደሚሸፍን ደግሞ ወረቀቱ ላይ ይታያል። አንድ ወይም ሁለት ሠራተኛ ያለው ቤት ግን በዚህ አልተያዘም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚምታታባቸው ነገር አለ። አሁን አዲስ የምትመጣ ልጅ ውሏ ሙሳነድ ላይ ሲደረግ አብሮ ኢንሹራንስ ይገዛል። እሱ የውል ኢንሹራንስ ነው። ሞት፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ደሞዝ መቅረት፣ ሥራ ጥሎ መሄድ ለመሳሰለው ነው። ለጥርስ ማስነቀያ አይከፍልም። «ኢንሹራንስ አለሽ እኮ» ሲሉሽ የትኛው እንደሆነ ለዪ።

ተእሚን ባይኖርሽስ? የቤት ሠራተኞች ደንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቶ፣ በ2023 በአዲስ ተተክቶ፣ አዲሱ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። አሠሪው የጤና እንክብካቤ እንዲያቀርብልሽ ይጠበቅበታል። ጥርስ ከጤና ውጪ ነው የሚል ሰው ካጋጠመሽ፣ ጥርሱን ሲያመው የት እንደሚሄድ ጠይቂው። ሐኪም በወረቀት ካረጋገጠ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አለሽ፣ ከደሞዝ ጋር። ጥርስ ተነቅሎ ፊትሽ አብጦ ሐኪሙ ሁለት ቀን እረፍት ከጻፈልሽ ያ ሁለት ቀን ያንቺ ነው። ወረቀቱን «ተቅሪር ጢቢ» ብለሽ ጠይቂ፣ ሳትይዢ አትውጪ።

ደሞዝ መቁረጥን በተመለከተ፣ ደንቡ ከደሞዝ ሊቆረጥ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ለይቶ ነው ያስቀመጠው፤ ሆን ብለሽ ወይም በቸልተኝነት ያጠፋሽው ዕቃ፣ የተበደርሽው ገንዘብ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ። ሕክምና እዚያ ውስጥ የለም። ግን ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው። ማዳም «እኔ እከፍልልሻለሁ፣ በኋላ እንተሳሰባለን» ብላ፣ «ሱልፋ» የሚል ወረቀት ላይ ብታስፈርምሽ ሕክምናው ብድር ሆነ ማለት ነው። ብድር ደግሞ ይቆረጣል። ስለዚህ በደንብ ሳታነቢ ወይም ሳታስነብቢ አትፈርሚ። የራስሽን ገንዘብ ከከፈልሽም «ፋቱራ» ተቀብለሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ወረቀት ይጠፋል፣ ቦርሳም ይፈተሻል፤ ፎቶውን አገር ቤት ላለች እህትሽ ላኪላት።

የት ትሄጃለሽ? በቤት ሠራተኛነት ኢቃማ ካለሽ በመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ «መርከዝ ሲሒ» በሚሉት፣ መታየት ትችያለሽ። የጥርስ ክፍል ያለው አለ፣ የሌለውም አለ። በአብዛኛው የሚሠሩልሽ ሕመም ማስታገስ፣ መንቀል፣ ቀላል መሙላት ነው። ነርቩን አክሞ ጥርሱን ማትረፍ ብዙ ጊዜ ወደ ግል ክሊኒክ ይወስድሻል፣ እሱ ውድ ነው፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት ዋጋ ጠይቂ። ጂዛን ከተማ አካባቢ ላላችሁ የጂዛን ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ተማሪዎች በአስተማሪዎቻቸው ቁጥጥር ሥር የሚያክሙበት፣ ታካሚ የሚቀበል። ጊዜ ይፈጃል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ለደርብ ልጆች ግን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ካላመላለሱሽ አይሆንም። ደርብ ማለት በአረብኛ መንገድ ማለት ነው፣ የጂዳውም የአብሃውም የጂዛኑም መንገድ እዚያ ይገናኛል፤ ግን መንገድ ዳር መኖር ብቻውን የትም አያደርስም፣ መኪናው የማዳም ነው።

«ሲሐቲ» የሚባለውን አፕ በኢቃማ ቁጥርሽ ስልክሽ ላይ ማስገባት ከቻልሽ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ራስሽ ትይዣለሽ፣ የሕመም ፈቃድሽም እዚያ ይታያል። ስልክ ቁጥርሽ በኢቃማሽ ስም መሆን አለበት። 937 የጤና ሚኒስቴር ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ ምን ላድርግ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። አረብኛሽ ካልበቃሽ አረብኛ የምትችል ጓደኛሽን በስልክ አገናኚ።

ማዳምን እንዴት ትጠይቂያት? ከልምድ የማውቀውን ልንገርሽ። እንግዳ ባለበት አይደለም፣ ተቆጥታ እያለችም አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ማማ ራሷ ለጥርስ ወይም ለስኳር ሐኪም ጋ የምትሄድበት ቀን ነው፤ አንቺም አብረሽ ትሄጃለሽና «ማዳም፣ ዲርሲ ተዕባን፣ አና ከማን አብጋ ዶክተር» በዪ። መኪናው አለ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ነሽ፣ እምቢ ማለት ይከብዳታል። ብዙ እህቶች በዚህ መንገድ ታይተዋል። ዝም ካለች ጥያቄሽን በዋትስአፕ ጻፊው፣ ቀን ያለው ማስረጃ ይሆናል። ብቻሽን ለመሄድ ከተገደድሽም ከመውጣትሽ በፊት «ጥርሴን ታምሜ ሙስተውሰፍ እየሄድኩ ነው፣ እመለሳለሁ» ብለሽ መልእክት ላኪ። ያለ መልእክት ከወጣሽ «ሁሩብ» ብላ ልታስመዘግብሽ ትችላለች፣ ከጥርስ ሕመም የባሰ በሽታ ያ ነው።

ጭራሽ ከከለከለችሽ የሰው ኃይል ሚኒስቴር ቅሬታ መቀበያ 19911 ነው። በኛ በኩል ጂዛንን የሚያየው ጂዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ነው። ከደርብ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በስልክ ጀምሪ።

ሲያምሽ

ፓናዶል፣ ፌቫዶል፣ ብዙው የጉንፋን መድኃኒት፣ ስሙ ይለያይ እንጂ ውስጡ ያለው አንድ ነው፤ ፓራሲታሞል። «ፓናዶሉ አልሠራም» ብሎ ፌቫዶል መደረብ ያንኑ መድኃኒት እጥፍ መውሰድ ነው። ባለ 500ው በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ አይለፍ፣ ቀጭን ከሆንሽ ወይም ጉበትሽን የታመምሽ ከሆንሽ ከዚያም ያነሰ ነው፣ ሐኪም ጠይቂ። ሲበዛ ጉበት ያቃጥላል፣ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ምንም አይታወቅሽም። ብሩፊን ለጥርስ ደህና ያስታግሳል፣ ግን በባዶ ሆድ አይወሰድም፤ ጨጓራ ያለባት፣ ኩላሊት የታመመች፣ እርጉዝ የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት አትውሰደው። ስለዚህ ጾም ላይ ያለሽ እህት፣ ረመዳንም ሁዳዴም ቢሆን፣ ብሩፊኑን ስታፈጥሪ ከምግብ ጋር አድርጊው። አስፕሪን አድቅቆ ድድ ላይ መጠቅጠቅ ድዱን ያቃጥለዋል። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ክፋት የለውም፣ አያድንም እንጂ። የሞቀ የጨው ውሃ መጉመጥመጥም ጥሩ ነው።

አንቲባዮቲክ ከ2018 ጀምሮ እዚህ አገር ያለ ሐኪም ወረቀት ፋርማሲ አይሸጥም። ታዲያ ከአገር ቤት የመጣ አሞክሳሲሊን ከሻንጣ ወጥቶ ይከፋፈላል። ሦስት ፍሬ ለአንቺ፣ አራት ለሷ። ይሄ እብጠቱን ትንሽ አስተኝቶ ተመልሶ እንዲነሳ ያደርገዋል። መግሉ ያለው ጥርሱ ሥር ነው፤ ጥርሱ ካልተከፈተ ወይም ካልተነቀለ አይወጣም። ፔኒሲሊን የማይስማማት ልጅ ደግሞ ልትሞት ትችላለች።

ባለፈው ረመዳን ከደርብ ወጣ ብሎ ካለ መንደር አንዲት እህት በድምፅ መልእክት ላከችልን። ጥያቄዋ «ከፓናዶል የሚበረታ ምን አለ?» የሚል ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ ጥያቄዋ ሳይሆን ድምፅዋ ነው። ትኩስ ምግብ አፉ ውስጥ ይዞ እንደሚናገር ሰው ነበር የምታወራው። ምራቋን መዋጥ አቅቷት በሶፍት እያወጣችው ነበር። አምስተኛ ቀኗ ነው፣ የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ነው፣ እብጠቱ ከአገጯ ሥር ወርዷል። ማዳሟ «እንግዶቹ ካፈጠሩ በኋላ እንወስድሻለን» ብላታለች። እኛ ያልናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሁን። የቤቱን ሹፌር ሚስት አስነስታ 997 አስደወለች። ስድስት ቀን ተኛች፣ አንገቷ ሥር ተከፍቶ መግሉ ወጣ፣ ጥርሱም ተነቀለ። ሐኪሙ የጻፈላት የእረፍት ወረቀት ስለነበራት የእነዚያ ቀናት ደሞዝ አልቀረባትም። ዛሬም እዚያው ቤት ትሠራለች።

ስለዚህ እነዚህን እወቂያቸው፦ እብጠቱ ከአገጭ ሥር ወደ አንገት ከወረደ ወይም ወደ ዓይን ከወጣ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደሽ፣ አፍሽ ሁለት ጣት ያህል አልከፈት ካለ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ለነገ አይባልም። 997 አምቡላንስ ነው። ደርብም አጠቃላይ ሆስፒታል አለ፣ ድንገተኛ ክፍሉ ሌሊት ይሠራል። እብጠት ላይ የጋለ ጨርቅ አታድርጊ።

ኢቃማ የሌለሽ እህት

በየመን በኩል ተሻግረሽ የምትሠሪ፣ ወይም ኢቃማሽ የተቃጠለ፣ ያንቺ ነገር ይከብዳል፣ አላሳምረውም። ሕጉ ነፍስ ላይ የደረሰን ሰው ሆስፒታል መጀመሪያ እንዲያክም ያዛል፣ ገንዘብም ወረቀትም ቀድሞ አይጠየቅም። ከዚያ በኋላ ግን መጠየቅ ሊመጣ ይችላል። ቢሆንም ከላይ የጻፍኳቸው ምልክቶች ካሉብሽ ሂጂ፤ ከእስር ሰው ይወጣል። ለቀላሉ ሕመም ግን ሌላ አደጋ አለ። ክፍል ውስጥ ጥርስ የሚነቅሉ ሰዎች አሉ፣ በርካሽ፣ ኢቃማ የማይጠይቁ። መሣሪያው በአልኮል ተጠርጎ ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ ይሄዳል። በዚያ መንገድ የጉበት ቫይረስም ኤች አይ ቪም ይተላለፋል፣ ሥሩ ተሰብሮ ሲቀር ደግሞ የባሰ ይመግላል።

ስለ ቀለሙ

ከወንጂ፣ ከመተሐራ፣ ከዝዋይ አካባቢ የመጣችሁ ልጆች ጥርሳችሁ ቡናማ ወይም ነጠብጣብ ስለሆነ «ወሲኻ» እየተባላችሁ የምትሰደቡ ብዙ ናችሁ። ቆሻሻ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን በጣም ይበዛል፤ ጥርስ በልጅነት ድድ ውስጥ እያለ ነው ቀለሙን የሚይዘው። በአመድ፣ በሎሚ፣ በክሎሮክስ ብታሹት አይለቅም፣ ጥርሱን ትገሸልጡታላችሁ እንጂ። ድዳችሁን የተነቀሳችሁ የጎንደርና የጎጃም ልጆች ደግሞ ሐኪሙ ጥቁሩን አይቶ ሊደነግጥ ይችላል፤ «ወሸም» በሉት፣ ንቅሳት ማለት ነው። እዚያው ቦታ አዲስ የተነሳ እብጠት ካለ ግን አሳዩት።

መፋቂያ የለመድሽ በዚህ አገር አትቸገሪም፤ የነሱ «ሚስዋክ» የአራክ ዛፍ እንጨት ነው፣ ጂዛን ላይ በየመንገዱ ይሸጣል። ጥሩ ነው። ከኋላ ያሉት መንጋጋዎች ድረስ ግን አይደርስም፣ ሰው የሚነቀለው ደግሞ በብዛት እነሱን ነው። በቀን አንዴ ብቻ ማድረግ ከቻልሽ ማታው ይሁን። ሥራ ጨርሰሽ በሌሊት ስምንት ሰዓት ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥተሽ በዚያው እንቅልፍ ሲወስድሽ ነው ጥርስሽ የሚበላው። ድካሙን አውቀዋለሁ። ብሩሹን ትራስሽ አጠገብ አድርጊው፣ ያለ ውሃም ቢሆን ቦርሺ፣ አረፋውን ትፊው፣ መጉመጥመጥ የግድ አይደለም፤ እንዲያውም ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ጥርስ ላይ ትንሽ ቢቆይ ይጠቅማል።

ሐኪሙ ፊት

አስተርጓሚ ላይኖር ይችላልና እነዚህን ስልክሽ ላይ ጻፊያቸው። ዲርስ መንጋጋ ጥርስ ነው፣ ሊሳ ድድ፣ ወረም እብጠት፣ ነዚፍ መድማት። ኸልዕ መንቀል ነው፣ ሐሽው መሙላት፣ ዐሰብ ነርቭ። ሐኪሙ «ኸልዕ» ካለ «ፊ ዒላጅ ዐሰብ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ማዳን ይቻል እንደሆነ እየጠየቅሽ ነው። ብዙ ጊዜ መንቀል ርካሽ ስለሆነ ከማዳም ጋር ተነጋግረው አንቺ ሳትሰሚ ይወሰናል። አፉ ያንቺ ነው፣ የትኛው ጥርስ እንደሚነቀል በጣትሽ አሳይተሽ አረጋግጪ። መድኃኒት የማይስማማሽ ካለ «ዐንዲ ሐሳሲያ» በዪና ስሙን ንገሪ። ለማማ ስትሄዱ ደግሞ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ይዘሽ ሂጂ፤ በተለይ ደም የሚያቀጥነውንና ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠውን ሐኪሙ ከመንቀሉ በፊት ማወቅ አለበት።

ከነቀልሽ በኋላ ጥጡን ነክሰሽ ግማሽ ሰዓት ቆዪ። ያን ቀን አትጉመጥመጪ፣ በስትሮ አትጠጪ፣ ምድጃ ላይ አትጎንበሺ፣ ከባድ ነገር አታንሺ፤ የረጋው ደም ከወጣ በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ከበፊቱ ይብሳል። ለማዳምም ይሄንኑ ሐኪሙ እዚያው እንዲነግራት አድርጊ፣ ከአንቺ አፍ ሲሆን ስንፍና ይመስላታል።

ገና ለመምጣት አዲስ አበባ ወይም ደሴ ሆነሽ ፕሮሰስ ላይ ያለሽ ልጅ ይሄን የምታነቢ ከሆነ፦ ለጉዞ የሚደረገው ምርመራ ደም ነው፣ ሽንት ነው፣ የደረት ራጅ ነው። ጥርስሽ ጉዳያቸው አይደለም። አሁን ጣፋጭ ስትበዪ ነዘር የሚያደርግሽ ጥርስ እዚህ ስትደርሺ ይነሳል፣ ያኔ ደግሞ የሁለት ወር ደሞዝሽን ያልተቀበልሽ አዲስ ሠራተኛ ነሽ። ቪዛው እስኪመጣ ባለው ጊዜ ሄደሽ አስሞዪው ወይም አስነቅዪው። ሁለት ለስላሳ ብሩሽም ያዢ፤ አንዱ ለአንቺ፣ ሌላው አረጋዊ ካለበት ቤት ከገባሽ ያስፈልግሻል።